አያ ይመር እንዴት ተያዘ

ልጅ ሳለሁ ከሚሴ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር እኛ ቤት ደስታ ነበር። ያኔ ቴሌቪዥኑ ዝም ሲል፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ይመር ኩራዙን ለኩሶ ከሰሉ አጠገብ ይቀመጥና ከጨፋ የመጣ እሸት በቆሎ እየጠበሰ ያወራልናል። በቆሎው ፍሙ ላይ ሲንጣጣ፣ የኩራዙ ጭስ አፍንጫችንን ሲያጠቁረው፣ እኛ የጅብና የጦጣ ተረት ስንጠብቅ እሱ የሚያወራው ስለ እስር ቤት ነበር።

ደርግ ወጣቱን ለጦርነት ሲያፍስ አያ ይመርና ጓደኛው ሙህዬ «ልጆቻችሁን አትስጡ» የሚል ወረቀት በእጃቸው እየጻፉ በገበያ ቀን ይበትኑ ነበር። ሲፈለጉ ጨፋ ወርደው ማሽላ ውስጥ ተደበቁ። ማሽላ ለማያውቅ ላስረዳ፦ ሲደርስ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ግመል ይሰውራል። አንድ ማለዳ ግን ማሳው በወታደር ተከበበ።

ሁለቱንም ደሴ ወሰዷቸው፤ አያ ይመርን ሰባት ዓመት አሰሩት። ወፌ ላላ የሚሉት አለ፤ እጅና እግርን አጣምሮ አስሮ፣ ሰውን ዱላ ላይ አንጠልጥሎ፣ ውስጥ እግሩን መግረፍ ነው። «ወረቀቱን ከእናንተ ጋር ማን ይበትናል?» እያሉ ገረፉት፤ አንድ ስም አላወጣም። ሙህዬን ግን አንድ ምሽት «ከነዕቃህ ውጣ» ብለው ጠሩት። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

«እንዴት አገኟችሁ?» እንለዋለን።

«ጉንፋን ይዞኝ ሳልኩ። የወታደር ጆሮ ደግሞ የውሻ ነው!»

አያቴ፣ የእሱ እናት፣ መደቡ ላይ ሆና «ድሮስ ጋቢ ደርብ ብልህ መቼ ትሰማኛለህ!» ትለዋለች። እንስቃለን።

አያቴ ባቲ እህቷ ዘንድ ባደረችበት ምሽት ግን ሌላ ነገር ነገረን።

እኛ ዘንድ ወዳጃ አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጫት ይዞ፣ ዱዓ ያደርጋል፤ እያንዳንዱም ሐጃውን፣ ማለት ልቡን የጨነቀውን፣ ጮክ ብሎ ያቀርባል፤ ሌላው አሚን ይላል። ሐጃን መሸሸግ ነውር ነው፤ ሰው ምን ላይ አሚን እንደሚል ማወቅ አለበታ! አያ ይመር ማሽላ ውስጥ ሳለ አያቴ ተራዋ ደረሰና እያለቀሰች፣ «ማሽላው ውስጥ ያሉትን ሁለት ልጆቼን አላህ ይሸፍንልኝ» አለች። ሁሉም አሚን አለ። አሚን ካሉት አንዱ የቀበሌ ጆሮ ነበር።

«መርማሪዎቹ ‹እናትህ ናት የነገረችን› እያሉ ሲስቁብኝ ነው ያወቅኩት» አለን። «የሙህዬ ደም ያለበት ነገር ነው። ብትሰማ ትሞትብኛለች። ትንፍሽ እንዳትሉ!»

ወር ያህል ቻልኩ። መብራት ዳግም በጠፋበት ምሽት ግን አያቴ ቀልዱን ትታ፣ ፍሙን እያየች፣ «ባትስል ኖሮ ያ የሰው ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነበር» አለችው። አያ ይመር አንገቱን ደፋ። ያኔ ከአጎቴ የበለጠ የምወደው ሰው አልነበረምና ሳላስበው ጮህኩ፤ «አልሳለም! አንቺ ዱዓ ላይ ስለተናገርሽ ነው!»

በቆሎው ያርራል፤ የሚያነሳው የለም።

«ኢልመ ኮ» አለችው አያቴ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «እውነቷን ነው?»

«ወላሂ ይቺ ልጅ! ተረቱን ቀላቅላው ነው እማ» አለ፣ ለመሳቅ እየሞከረ።

«ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

ሰባት ዓመት ሲገረፍ መርማሪ ያላሸነፈው ሰው፣ የእናቱን ዓይን ማየት አቃተው።

በሚቀጥለው ወዳጃ የአያቴ ተራ ሲደርስ ዱዓውን የሚመሩት ሼህ ጠበቋት። እጇን ዘርግታ ዝም አለች። ሰዉም ግራ እንደገባው አሚን አለ። እስክትሞት ድረስ ሐጃዋን ከአፏ የሰማ የለም።

አያ ይመር አልተቆጣኝም። አንድ ቀን ብቻዬን ስንሰቀሰቅ አግኝቶኝ፣ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ለልጅ የማይከብድ መስሎኝ ያሸከምኩሽ እኔ ነኝ» አለኝ። ዛሬ ስለዚያ ዘመን የተጻፈ መጽሐፍ ከየሰዉ ቤት እየለመንኩ አነባለሁ፤ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አስረዳለሁ። ያን ቀን ያለኝ ግን ከልቡ ይሁን፣ ወይስ ለእናቱ እንደዋሸላት ለእኔም ዋሽቶልኝ ይሁን፣ እሱን ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም።