ከጋቢ በላይ የተለበሰው ሰደርያ

የረጠበ ሱፍ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ዛሬም ፊቴ ይግላል። ባለፈው የልጅ ልጄ ዝናብ መትቷት ገባችና የለበሰችውን አውልቃ ከከሰሉ አጠገብ ወንበር ላይ ዘረጋችው። እጅጌ የሌለው ሹራብ ነው፤ እኛ ሰደርያ የምንለው። አንዱ ጎን ቀይ፣ አንዱ ጎን አረንጓዴ፣ ታቹ ቡናማ። እንፋሎቱ መውጣት ሲጀምር ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። «የዱሮ ፋሽን ነው፣ አሁን ተመልሶ መጣ» አለችኝ። መመለሱስ ባልከፋ፣ እኔን ይዞኝ ባይመለስ፣ አልኩ በሆዴ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ቤቴ፣ ማንም ምንም ሳይለኝ አፈርኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ወረታ ያኔ መንገድ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነበረች። ከጎንደር የሚመጣ የጭነት መኪና አቧራውን አልብሶን ወደ ሐሙሲት ያልፋል፣ እኛም አቧራችንን አራግፈን ወደየሥራችን እንመለሳለን። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ ከደጃችን ሆነን ስናይ ከብቶቹ በውሃ ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። አባቴ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ የሚዘራ ገበሬ ነበር። ጨውና ጋዝ የምንገዛው ከአንድ ሙስሊም ባለሱቅ ነው። ሚስቱ ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። እናቴ ጨው ግዢ ብላ ስትልከኝ እጇን እያየሁ እዚያው እቀራለሁ። አንድ ቀን ከብስክሌት ጎማ የወጡ፣ ጫፋቸው በድንጋይ የሾለ ሁለት ሽቦ ሰጠችኝና «ዐይንሽ ከሚቀላውጥ እጅሽ ይሥራ» አለችኝ። እንዲህ ነው የጀመርኩት።

በዚያው ዓመት ሽማግሌ መጣ። እኔ ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ ቆይቼ፣ እንዲያውም «ቆማ ቀረች» እየተባልኩ ነበርና አባቴ ደስ ብሎት ሰጠ። የታጨሁት ከርብ ወንዝ ማዶ ለሚኖር ገበሬ ነው። መልኩን አላውቅም፤ ማወቁም ነውር ነው። የታጨች ሴት የእጮኛዋ አገር ሰው በመንገድ ሲመጣ ካየች ዞራ ትሄዳለች፣ መሸሻ ካጣች ተሸፍና ትቆማለች። ሌላው ነገር ደግሞ የእጅ ሥራ ነው። ሙሽሪት ይዛው የምትገባው ሰፌድና መሶብ በአማቶቿ ፊት ከሣጥኗ እየወጣ ይታያል፤ ባለሙያ መባሏም አለመባሏም በዚያ ነው። እኔ ደግሞ ስፌት እርም ብሎኛል። አክርማው ጣቴን ይቆርጠኛል፣ የሰፋሁት ሁሉ ይንጋደዳል። እናቴ «ምን ይዘሽ ልትገቢ ነው? እኔኑ ልታሰድቢኝ!» እያለች ቀን ከሌት ትነዘንዘኛለች። ስለዚህ በአገሩ ማንም ሙሽራ ያላደረገችውን ላደርግ ቆረጥኩ፤ ለባሌ ሰደርያ ልሠራ። ግን ያላዩትን ሰው በምን ይለኩታል?

ያክስቴ ልጅ ርብ ማዶ ተድራ ስለምትኖር ሰውየውን ታውቀው ነበር። በገበያ ቀን ከባለሱቁ ሚስት ጋር ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጬ ሳለ ሮጣ ገባችና በጆሮዬ «መጥቷል። ደጁ ላይ የበቅሎዋን ልጓም የያዘው እሱ ነው» ብላኝ ወጣች። ወይ ጉድ! ዐይኔን ላንሣ ብል አልነሣልሽ አለኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ጉልበቴን አቅፌ ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። የባለሱቁ ሚስት ጎሸም አደረገችኝ፤ ያን ጊዜ በመጋረጃው ጫፍ ሾልኬ አየሁ። ልጓሙን የያዘው ረጅም፣ ትከሻው በሩን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጎልማሳ ነው። ከጎኑ አንድ ቀጭን ልጅ ጨው ይመርጣል፤ እሱንስ ልብም አላልኩት። ገዝተው ሲሄዱ የባለሱቁ ሚስት እየሣቀች ወጣችና፣ የሰውየው ትከሻ ከየት እስከ የት እንደደረሰ የበሩን እንጨት በስንዝሯ ለካችልኝ።

ክሩን የሰጠችኝም እሷ ናት። ሁሉም ትርፍራፊ ነው። ቀዩ ከልጇ ሹራብ የተረፈ፣ አረንጓዴው ከምን እንደሆነ እንጃ፣ ቡናማው ከአሮጌ የወታደር ሹራብ የተፈታ። አንዱ ቀለም ሲያልቅ በሌላው ስለምቀጥል ነው እንጂ ያ ሁሉ ቀለም ለውበት ታስቦ አልነበረም። የተፈታ ክር ይጠማዘዛልና እናጥበዋለን፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አንጠልጥለን በፀሐይ እናቃናዋለን። ያ ሽታ ከዚያ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ በመስኮቷ ብርሃን ክረምቱን ሙሉ ስሠራ ከረምኩ። አሁን የምላችሁን ማለት ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው። ያን ትከሻ ወደድኩት። ደረቱን ስሠራ ደረቱን አስባለሁ፣ ክሩን እያሸተትኩ ብቻዬን እስቃለሁ። እናቴ ምን ነክቷት ነው እያለች ጠበል ልትወስደኝ ሁሉ ታስብ ነበር።

ጥር ላይ ተዳርኩ። እንደ ወጉ ተሸፋፍኜ፣ ሚዜው ተሸክሞ በቅሎ ላይ አስቀመጠኝ፤ ርብን ተሻገርን። በማግስቱ ጠዋት ሽፋኔን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ሙሽራ ያ ጨው ሲመርጥ የነበረው ቀጭን ልጅ ነው። ባለትከሻው ጎልማሳ ደግሞ ከፊቴ በርከክ ብሎ «እህቴ፣ ብዪ እንጂ» እያለ ያጎርሰኛል። ሚዜው ነው። ሚዜ ለሙሽሪት ወንድም ነው፤ ወንድሟ ሊሆን በሰው ፊት ምሎ ነው የሚወስዳት። ለካስ እኔ አፍሬ ዐይኔን እስካነሣ ድረስ፣ ሙሽራው ጨው ሊመርጥ ልጓሙን ለጓደኛው አቀብሎት ኖሯል። ሰደርያው ሣጥኔ ውስጥ ነው። ሣጥኑ ደግሞ ከምሳ በኋላ ሊከፈት ነው።

አማቴ እጃቸውን ሰደው አወጡት። ዳሱ በሙሉ እሰይ አለ፤ እንዲህ ያለ የሙሽራ ሥራ ታይቶ አይታወቅም። ባሌን አስነሥተው አለበሱት። ትከሻው ክንዱ ላይ ወረደ፣ ታቹ ጉልበቱን ሊነካ ደረሰ። ሣቁን ልነግራችሁ አልችልም። አንዱ ቀልደኛ ለሚዜው ይሁን እንግዲህ አለና ጎትተው ሚዜውን አለበሱት። ልክክ አለበት። ያን ጊዜ ሣቁ ከአንዱ ማዕዘን ወደ አንዱ እየቀነሰ ሄደ። ምላሷ የማይምር አንዲት የባሌ አክስት ነበረች። ሚዜውን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝና «እጅ የሚሠራው ዐይን ያየውን ነው» አለች።

በዚያ ዘመን ሙሽራ ሌላ ሰው ዐይታ ገባች ከተባለ በበቅሎ የመጣችው በእግሯ ትመለሳለች። አባቴ በዚያ ሜዳ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ታየኝ። ሚዜውን ላብ አጥምቆታል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ባሌ ሰደርያውን ከሚዜው ተቀበለ። አልቸኮለም። ጋቢውን ደህና አድርጎ ተከናነበና ሰደርያውን ከላይ አጠለቀው። እንደተጫነች አህያ ጎኑ ተወጠረ። «ሰፊ አድርጊው ብዬ የላክሁባት እኔ ነኝ። ከጋቢ በላይ ነው የምለብሰው» አለ።

ከእኔ ጋር ቃል ተለዋውጦ አያውቅም። አባቱ ተቆጡ፤ ሳይጋባ ከሰው ልጅ ጋር መልእክት የሚላላክ ባለጌ ወለድሁ ብለው በሰው ፊት አዋረዱት። ጎንበስ ብሎ ሰማቸው። የንስሐ አባቱም ነገሩን ሰምተው ስግደት አዘዙበት። ጠዋት ጠዋት ግንባሩን መሬት እያስነካ ላልሠራው ጥፋት ሲሰግድ፣ እኔ ጥግ ይዤ አይ ነበር። ምን ልበል?

ከዚያ በኋላማ ቃሉን ለማጽናት ሊለብሰው ግድ ሆነ። ብርድ በመጣ ቁጥር ከጋቢ በላይ ሰደርያ ለብሶ ሜዳውን ያቋርጣል። የፎገራ እረኛ ሁሉ ከሩቅ ያውቀዋል፤ «ጭነቱ መጣ!» ይሉታል። ገበያ ስንሄድ ከኋላው ተሸፍኜ እከተላለሁ፣ ሰው በሣቀ ቁጥር እኔ እሸማቀቃለሁ። አንድ ቀን ፈትቼ በልክህ ልሥራው ብለው፣ ተይው፣ ሰው ምን ይላል አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ማንን ዐይቼ እንደለካሁ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሚዜው የልጃችን ክርስትና አባት ሆነ፤ ቤታችን ሲገባ ሲወጣ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ሽቦዎቹንም ከሣጥኑ ግርጌ ቀበርኳቸውና እርም አልኩ። ያን ቀጭን ሰው ከመቼ ጀምሮ እንደወደድኩት አላውቅም። ምናልባት ሲሰግድ ሳየው ይሆናል። ይህንንም አፍ አውጥቼ አልነገርኩትም፤ ደግሞ ይህን ይናገሩታል እንዴ?

ልጆቻችን አድገው ሳለ ታመመ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደነው፣ ሳይሻለው ተመለስን። አንድ ማለዳ በረደኝ አለ። ጋቢው ከብዶት ስለነበር ሰደርያውን ብቻ አለበስኩት። ከስቶ ነበርና ውስጡ ጠፋ። እጁን አነሣና የተንዘላዘለውን ትከሻ አየት አድርጎ «ይኼ ነገር እኮ ይሰፋኛል» አለ። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ይቺን ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ሌላ ልሥራልህ አልኩት።

«ልኬን ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«አላውቀውም። ለክቼህ አላውቅም» አልኩት።

ጀርባውን ሰጠኝ። ስንዝሬን ዘርግቼ ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። ልጆች ወልጄለት፣ ያን ሁሉ ዘመን ከጎኑ ኖሬ፣ እንደ ሙሽራ አፈርኩ። አጥንቱ በጣቶቼ ሥር ይሰማኛል። ሳይዞር «አሁን እንኳ ደህና አድርገሽ እዪኝ» አለ።

ያውቅ ኖሯል። ከመጀመሪያውም ያውቅ ኖሯል። ግንባሬን ጀርባው ላይ ደግፌ አለቀስኩ።

በዚያው ቀን ሽቦዎቹን ከሣጥኑ ግርጌ አወጣሁ፣ ክርም ገዛሁ። አንድ ቀለም እንዳላደርገው ለመነኝ፣ እረኞቹ በምን ይለዩኛል እያለ። አልጋው ሥር ተቀምጬ ስሠራ ዐይኑን ጨፍኖ የሽቦዎቹን ድምፅ ያዳምጣል፤ ሳቆም «ምነው ተውሽ?» ይለኛል። ትከሻው ላይ ሳልደርስ ሞተብኝ።