«አንቺ ጸልዪ፣ እኔ ሥር እገባለሁ»

የአጎቴ አሮጌ ፎርዊል መኪና ጉድጓድ ባገኛት ቁጥር ሞተሯ ይጠፋ ነበር። ወልድያ ያሉ መካኒኮች ባትሪ ቀየሩ፣ ፊውዝ ቀየሩ፤ ሕመሟ ግን ይመለሳል።

ልጄ በትኩሳት ስትቃጠል አጎቴ ከግራና ከተማ ወደ ሐኪም ይዘውን ሲሄዱ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆመች። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ጆንያቸውን አነጠፉ።

«አንቺ ጸልዪ፣ እኔ ሥር እገባለሁ። ሁለታችንም ከገባን ማን ይለምናል?»

«አጎቴ፣ ደግሞ ባትሪው ነው?»

«ባትሪው ምን አደረገ! የሚሸከማት ባሌስትራ ተሰብሮ ወገቧ ወርዷል፤ ብረቱ ሽቦውን ልጦታል። መቀነትሽን ወዲህ በይ!»

የተላጠውን ሽቦ ከመቀነቴ በቀደዱት ጨርቅ ጠቀለሉት። ሞተሩ ተነሳ። ልጄም ዳነች፤ ስሙ ይመስገን።

አጎቴ አርፈው ለአርባቸው ከወልድያ ወደ ግራና ስንሄድ፣ የመርሳን ከተማ እንዳለፍን መኪናዋ ቆመች። መሪውን የያዘው ልጃቸው ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። ሁላችንም ከሥር የሚመጣውን የመፍቻ ድምፅ ጠበቅን። ጆንያው ግን ከወንበሩ ኋላ እንደተጠቀለለ ነው።

ጌታ ሆይ፣ ለእኛ ብለው መሬት ላይ የተኙትን አንተ ከፍ አድርግልኝ።