ጠጄ ዳስ የገባ ዕለት

ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ፣ ንፋስ መውጫ ከገበያው ዝቅ ብላ ባለችው ቤታችን ጠጅ ቤት ከፈትኩ። ሙያውን ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው። ማሩን የሚያመጡልኝ ደግሞ ከስማዳ ቆላ አንድ ንብ አርቢ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከነሰፈፉ፣ አንዳንዴም ከነሞተ ንቡ። ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ በቀር ጋኔ ውስጥ ምንም አላስገባም።

መጀመሪያ ላይ ቤቴ ሙሉ ነበር። ገበያተኛው እህሉን ሸጦ፣ መምህሩ ከትምህርት ቤት ወጥቶ፣ ሁሉም ብርሌውን ይዞ አግዳሚው ላይ ይደረደራል። ከዚያ ፊት ለፊቴ ድራፍት ቤት ተከፈተ። ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ኳስ፣ ሙዚቃ። ደንበኞቼ አንድ አንድ እያሉ ተሻገሩ፤ ሲያልፉ እንዳላያቸው አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ጋኖቼን ደፍቼ በአንድ ጋን ቀረሁ።

እህቴ መጥታ፣ «ስኳር ጨምሪበት። ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ ሰው መች ይለየዋል?» አለችኝ።

«ራሱ ይለየዋል፤ ጠዋት ሲፈልጠው» አልኳት። ተኮራርፈን ሰነበትን።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ቢራ የሚጭነው መኪና ቀረ፤ የፊት ለፊቱ ሙዚቃም ዝም አለ። አንድ ጠዋት የድራፍት ቤቱ ባለቤት በራፌ ላይ ቆሙ። ቤታቸውን ከከፈቱ ወዲህ ደጄን ረግጠው አያውቁም።

«እንደምን አደርሽ፣ እህቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ እንጂ።»

አልገቡም። «ከፋሲካ በኋላ ልጄን ልድር ነው። ዘመድ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ሳይቀር ተጠርቷል። ቢራ ከየት ላምጣ? አንቺን ለማስቸገር አፍሬ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት።»

እውነቱን ለመናገር ውስጤ ፈንጠዝያ ነበር። ግን ሙሽራዋ ዓይኔ እያየ ያደገች ልጅ ናት። «ማር ካገኘሁ እጥላለሁ» አልኳቸው። «ስኳር ግን አይገባበትም። ሳይደርስም አይቀዳም።»

«እንዳልሽ ይሁን።»

ወደ ስማዳ ለሚወርድ ነጋዴ መልእክት ሰጠሁ። ሽማግሌው በእግር መንገድ፣ ማሩን በአህያ ጭነው ደረሱ። አቧራ ለብሰው፣ ግን እየሳቁ። «መንገዱ የተዘጋው ለመኪና ነው እንጂ ለኔ አህዮች ማን ነገራቸው!» አሉ።

ጋኖቹን አጥቤ በወይራ አጠንኳቸው፤ ማሩን በጠበጥኩ። የኛ አገር ብርድ ጠጅ ያዘገያል። ስለዚህ ጋኖቹን ምድጃው አጠገብ አስጠግቼ ጋቢዬን አለበስኳቸው። ጆሮዬን እያስጠጋሁ ሲፈሉ አዳምጣለሁ፤ ዝም ሲሉ ልቤ ይወርዳል። እህቴ ይህን ስትሰማ ኩርፊያውን ትታ መጣች፤ ጌሾውን አብራኝ ሰነጠቀች፣ አብራኝ አጠለለች። በመጨረሻ ጠጁ ጠራ፤ ብርሌው ውስጥ ሲያዩት ማዶው ይታያል።

የሰርጉ ዕለት እኔ ከጓዳ ሆኜ እቀዳለሁ። ዳሱ ውስጥ አንድ ቄስ ባርከው ቀመሱ፤ ጫጫታው ረገብ አለ። ደግመው ጎነጩና፣ «የማር ጠጅ ከጠጣሁ ስንት ዘመኔ! ጠጅ ጣይዋ የት አለች?» ሲሉ ሰማሁ።

እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ወጣሁ። እልልታው ዳሱን ሞላው። የሙሽራዋ አባት ራሳቸው ብርሌ ሞልተው በሁለት እጃቸው አቀበሉኝና፣ «ዛሬ አንቺ እንግዳ ነሽ፤ ተቀመጪ» አሉኝ። ከቤተ ልሔም ደብር ከመጡት መሪጌቶች ጎን አስቀመጡኝ። ስንት ዓመት በባዶ ቤት ደጃፍ ቆሜ የኖርኩ ሴት፣ ያን ዕለት ማልቀስም መሳቅም አቃተኝ። የራሴን ጠጅ ጠጣሁ። ጥሩ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ቢራውም ተመለሰ። ሰዉ ግን ከኔ ቤት አልቀረም። ወጣቶቹ ደግሞ፣ «ናቹራል ነው አይደል፣ እማማ?» እያሉ ብርሌውን በስልክ ያነሡታል፤ ምን እንደሚያደርጉበት እንጃ፣ በነጋታው ሌሎች ወጣቶች ይመጣሉ። ለማይጠጡት ብርዝ አዘጋጃለሁ። ጎረቤቴ እንኳ ከኔ ጠጅ እየወሰዱ ድራፍታቸው አጠገብ ይሸጣሉ። እህቴ አሁን ከኔ ጋር ነው የምትሠራው፤ ስኳር የሚለውን ቃል ካነሣባት ሰው ጋር ትጣላለች።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አግዳሚው ሞልቶ ሰዉ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔም አናጢ ጠርቼ አንድ ክፍል እንዲቀጥልልኝ አዘዝኩ።