ዳር ያዙ

በጭሮ ዋና መንገድ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ መካከል ደግሞ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አድራሹን ቢራቱን የማያውቅ የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአስፋልቱ ወርዶ አያውቅም። ጫት የጫነ አይሱዙ ከኋላው ክላክሱን ሲያስጮህበት እንኳ መስመሩን አይለቅም።

"አንተ ሰው፣ ይሄ መኪና ለጳጳስም ለሼክም አይቆም፤ ለአንተ ለጴንጤው ሊቆም ነው?" ይለው ነበር የቢሮው ጥበቃ ሮቤል።

ቢራቱ ይስቅና ፔዳሉን ይረግጣል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. ገና መኪና ይፈራ ነበርና ደብዳቤውን ይዞ በሱቆቹ ደጅ፣ በእግረኛው መንገድ ይከንፍ ነበር። አንድ ረፋድ እማማ መይሙና ከልጃቸው ጨርቅ ሱቅ መጋረጃውን ገልጠው ብቅ አሉ። "ዳር! ዳር ያዙ!" ሲል ጮኸ። ዳር ማለቱ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ውጡ ማለቱ ነበር፤ እሱ በግድግዳው በኩል ሊያልፍ። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሁሉ መኪና በመጣ ቁጥር "ዳር ያዙ" ሲባሉ ግድግዳ የተጠጉ ሴት ናቸው። ያንኑ አደረጉ።

ብስክሌቱ ገጭቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሊጠይቃቸው ሲሄድ ከተኙበት ቀና ሳይሉ፣ "ልጄ፣ ዳር አልከኝ፤ ዳር ያዝኩ" አሉት። አላህ የጻፈው ነው ብለው ይቅርም አሉት። ከዚያ አልጋ ሳይነሱ በዓመቱ ሞቱ።

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ቁጣ ውሎ አድሮ ይበርዳል፤ ያቺ ቃል ግን አልበረደችም። በጸሎት መካከል ዓይኑን ሲጨፍን ትመጣለች። ዳር አልከኝ። ሰው ክፉ ባይሆንም፣ ሲፈራ ፍርሃቱን ከእሱ ለደከመው ያሸክማል። ቢራቱ ከአይሱዙ ሸሽቶ ለመይሙና አይሱዙ ሆነባቸው።

በ2007 ልጁ ፌኔት ከከተማው ጫፍ ባለ ክሊኒክ ሥራ ስትጀምር ብስክሌቱን ሰጣት።

"በአስፋልቱ ነው የምትሄጂው።"

"የጫት መኪኖቹን እያዩ፣ አባባ? በሱቆቹ በኩል ዳር ዳሩን እሄዳለሁ እንጂ።"

ቃሉን ከልጁ አፍ ሲሰማ የብስክሌቱን መሪ ያዘ። እየገፋ አብሯት ወጣ። ጨርቅ ሱቁ ደጅ ሲደርሱ፣ "እስቲ ገብተሽ ውጪ" አላት። እሱ ብስክሌቱን ይዞ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። ፌኔት ግራ እየተጋባች ገባች። ስትወጣ ፀሐዩ ወግቷት ዓይኗን አጥብባ ነበር፤ ከመሪው ጋር ተጋጨች።

"አላየሁዎትም" አለች ክንዷን እያሻሸች።

"ማንም አያይም። ከቤት የሚወጣ ሰው ብስክሌት አይጠብቅም። ሾፌር ግን መንገድ ሊያይ ነው የተቀመጠው። ቢሰድብሽ እንኳ አይቶሽ ነው።"

ከዚያ የመይሙናን ነገር፣ ለማንም ያልነገረውን፣ እዚያው ቆሞ ነገራት። እሱ ዳር ያለውንም፣ እሳቸው ዳር ያዝኩ ያሉትንም። ፌኔት ብስክሌቱን ተቀብላ አስፋልቱ ላይ ወጣችና ቀኟን ይዛ መንዳት ጀመረች።

ብዙም ሳትርቅ አይሱዙ ከኋላዋ መጣ። የቢራቱ አፍ ተከፈተ፤ ምላሱ ላይ የመጣው ያው ቃል ነበር። እጁን አፉ ላይ ጫነ። መኪናው ክላክሱን አስጮኸ፣ ቀዝቀዝ አለ፣ ወደ ግራ ወጣ ብሎ አለፋት። ልጂቱ ሳትናወጥ ቁልቁለቱን ወረደች።

ከጀርባው መጋረጃው ተገለጠ። አንዲት አሮጊት ዘንቢል ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ቢራቱ ገለል አለላቸው። አረማመዳቸው የእማማ መይሙና መሰለውና እስኪርቁ ድረስ በዓይኑ ተከተላቸው። እሳቸው ዞር ብለው አላዩትም። ለምን ያያሉ? መንገዱ የእሳቸው ነው።