ስታዲየሙ ውስጥ የነበረው ዛፍ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አሜሪካ ውስጥ ከምኖርበት ከፓይን ሌክ ብቻዬን ተነሳሁ። የሄድኩት ልጄ ቤዛ ዋሽታ እንደሆነ ለማጣራት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ቤዛ ነርሲንጉን ትታ ታሪክ ልማር ስትል፣ እንዲመክሩልኝ አራት ሽማግሌዎች ቤቴ ጠራሁ። እሷ ስለ አንድ የድሮ ቤዝቦል ስታዲየም በእንግሊዝኛ የጻፈችውን አሳየችን። መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። መጫወቻው ሜዳ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ነበር፣ ኳስ ቢመታውም ጨዋታው አይቆምም ይላል።

"ሜዳ ውስጥ ዛፍ? ውሸታም" አልኳት፣ በሰው ፊት። በሳምንቱ ከቤት ወጣች። ሰሞኑን ግን ታክሲዬ ላይ የጫንኩት መንገደኛ ያንኑ ዛፍ አነሳ፣ ቦታውንም ነገረኝ።

ሦስት ሰዓት፣ ፖንስ ደ ሊዮን ጎዳና

አንድ የገበያ ማዕከል ፊት ፓርክ አደረግኩ። ስታዲየም የሚባል ነገር የለም፤ መደብር ብቻ ነው። ከኋላ በኩል፣ የድሮው ሐዲድ የእግረኛ መንገድ የሆነበት ጋ፣ ማግኖሊያ የሚባለው ያ ዛፍ ቆሟል። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ያብረቀርቃል። ከሥሩ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ውሻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

"ስታዲየሙ እዚህ ነበር?" አልኳቸው።

"መኪናህ የቆመበት ላይ ስንት ሰው ሮጧል። የመጀመሪያው የእንጨት ነበር፣ ተቃጠለ። በኮንክሪት ሠሩት። ከተማው ትልቁን ስታዲየም ሲሠራ ደግሞ ይሄን አፈረሱት።"

"ዛፉስ በእርግጥ ሜዳው ውስጥ ነበር?"

"ነበር እንጂ። ኳሷ ቅርንጫፍ ውስጥ ስትገባ ተጫዋቹ እንደ ድመት ሽቅብ ያፈጣል። እኛ ጥቁሮቹ ለብቻ ከተከለለልን ወንበር ላይ ሆነን እንስቅበታለን። የነጮቹ ቡድን ሌላ ከተማ ለጨዋታ ሲሄድ የኛም ቡድን እዚሁ ይጫወት ነበር። ቤዝቦል ትወዳለህ?"

"አይቼ አላውቅም።"

"ታዲያ ዛፍ ፍለጋ ነው የመጣኸው? ውሻዬም ለዚሁ ነው የመጣው።"

መሳቅ አልቻልኩም።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ሮዝዌል

መንገድ ላይ፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ በሦስት ዶላር የገዛሁት ቡና ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ቤዛ የቤቷን በር ስትከፍት ፊቷ ተለወጠ።

"አባዬ፣ ማን ሞቶ ነው?"

በኛ ዘንድ ሳይደውል ከተፍ የሚል ሰው መርዶ ነጋሪ መሆኑን ረስቼው ነበር።

"ማንም አልሞተም። ዛፉን አየሁት።"

"ዛፉ እንዳለማ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"ተሳስቻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ኦኬ። ግን ውሸታም ስትለኝ ሁለታችን ብቻ አልነበርንም።"

"ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ።"

"ለጋሽ ዘውዴስ?"

ጋሽ ዘውዴ ከአራቱ አንዱ ናቸው፤ አምና አረፉ።

"ቀብራቸው ላይ ያለቀስኩት ለሳቸው ብቻ እንዳይመስልህ" አለችኝ። "ውሸታም እንደሆንኩባቸው ሄዱ።"

በሩን እንደያዘች ቆየች። ግባ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ስድስት ሰዓት፣ ቤት

ጃኬቴን ሳላወልቅ ለሦስቱ ደወልኩ። "የልጅ ነገር ነው፣ ተወው ወንድሜ" አለኝ አንደኛው። አልተውም፣ ልጄ እውነት ነው የጻፈችው፤ ሐሰት የተናገርኩት እኔ ነኝ አልኩት። ሦስቱንም ከጨረስኩ በኋላ ስልኩን ይዤ ቀረሁ። የጋሽ ዘውዴ ቁጥር ገና አልጠፋም።

አባት ለሆናችሁ የምላችሁ ይህን ነው፦ በልጃችሁ ላይ በሰው ፊት ከመፍረዳችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩ። ከቤቴ እስከ ዛፉ ግማሽ ሰዓት ነው።