የአይጥ ቤት በፈንታነሽ ጓሮ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ለፈንታነሽ ግን ጉዱ የመጣው መስከረም ከጠባ በኋላ፣ በጥቅምት ነው፤ ያውም ከገዛ ተከራይዋ አፍ!

ፈንታነሽ የብቸና ጎታ ሠሪ ናት። ጭቃና ጭድ ረግጣ፣ እበት ለውሳ፣ እያደረቀች እየደረበች የምታቆመውን የእህል ጎታ አይጥ አይደፍረውም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የኖረችው በዚሁ እጇ ነው። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ከአዲስ አበባ የተመደበው የሳይንስ አስተማሪ፣ መምህር ሙሉአለም፣ ጓዳዋን ተከራይቶ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ጭቃ ስትለውስ አጠገቧ ቁጢጥ አለና፣

«እትዬ ፈንታነሽ፣ የአይጥ ቤት ይሠሩልኛል?» አላት።

«የምን ቤት?»

«የአይጥ። ላረባ ነው።»

ጭቃው ከእጇ ወደቀ። «በስመ አብ! ሰው ዶሮ ያረባል፣ ንብ ያረባል። እኔ ለጠላቴ ጎጆ ልቀልስ?»

ለተማሪዎቹ ሊያሳይበት እንደሆነ ነገራት። የአንዲት እናት አይጥ ግልገሎች በሁለት ቤት ይከፈላሉ፤ አንደኛው ወገን የጤፍ ዱቄት ብቻ ይበላል፣ ሌላው የባቄላ ዱቄትና ወተት ይጨመርለታል፤ ከዚያ ምግብ ለሰውነት ምን እንደሚሠራ ይታያል። ለአይጥ ወተት! ፈንታነሽ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ግን ሰውየው ትሑት ነው፣ ይሉኝታም ያዛትና እሺ አለች።

ችግሩ ጎታ የሚሠራው አይጥ እንዳይገባ ነው፤ ይኼ ደግሞ እንዳይወጣ። የመጀመሪያውን በጭቃ ብትመርገው አይጦቹ ባደሩበት ፈርፍረው ፍርክስክሱን አወጡት። እየተራገመች ሁለት የላምባ ቆርቆሮ ቀደደች፣ ፊት ለፊቱን በወንፊት ሽቦ ወጠረች። ለየቤቱ አንዲት ቅል አንገቷን ቆርጣ ደፍታ አሰረችላቸው፤ ሲበሉ ዱቄቱ ከላይ ትንሽ በትንሽ ይወርዳል። ለውኃው ጠርሙስ ደፍታ አፉን ውኃ በሚያንጠባጥብ ክፍት ሸምበቆ ወተፈችው። ስትጨርስ ራሷም በሥራዋ ሳትወድ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷም አናደዳት።

እናትና አባት አይጦቹ ከአዲስ አበባ በካርቶን ተጭነው ዓባይን ተሻግረው የመጡ ነበሩ። ነጫጭ፣ ዓይናቸው ፍም የመሰለ! መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አፉን ይዞ ቀረ። ግልገሎቹ ተወልደው ጡት ጥለው ወተት ሲቀዳላቸው ደግሞ ጎረቤቷ ይርጋነሽ፣ «በዓርብ ወተት! ለአይጥ! እግዚኦ በሉ!» ብላ ሦስቴ አማተበች።

ፈንታነሽን ያንገበገባት ግን ዓርቡ አልነበረም። አንድ ልጅ አለቻት፣ ሰብለ ወንጌል የምትባል። ይቺ ልጅ ጡት ከጣለች ወዲህ ፀጉሯ ሳስቶ ቀላ፣ ሆዷ ተነፋ፣ እግሯ አበጠ፤ መሳቅ እንኳ ተወች። ያየ ሁሉ «ዓይን ነው፣ ቡዳ በልቷታል» አለ። ክታብ ታሰረላት፣ ጠበል ተረጨች፤ ምንም የለም። በመጨረሻ ፈንታነሽ ሞጣ ድረስ በእግሯ ሄዳ ለጊዮርጊስ ተሳለች፦ «ልጄ እስክትድንልኝ ወተትም እንቁላልም ካፏ አይገባም!» ከዚያ ወዲህ የልጅቷ ምግብ ቀጭን የጤፍ አጥሚት ሆነ። ለአይጥ ወተት በቀዳች ቁጥር ልጇ እንዳታይ ጀርባዋን ትሰጣታለች፤ ግን ስለት ስለት ነው። ስለት አጥፍቶ ልጁን የቀበረ ሰው ታውቃለች።

መምህሩ ትምህርት ቤት ሲውል መጋቢዋ እሷ ናት። እየቆየ ታዲያ አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። ወተት ጠጪዎቹ ደልበው ሽቦውን ይንጠላጠላሉ። ጤፍ በሎቹ ፀጉራቸው ቆሞ፣ ሳስቶ፣ ጥግ ላይ ተኮራምተዋል፤ ወደ ቅሉም ብቅ አይሉም።

«መምህር፣» አለችው ማለዳ ሊወጣ ሲል፣ «እነዚህ ዓይን ገብቷቸዋል። ያ ሁሉ ሰው መጥቶ ሲያያቸው!»

መምህሩ ሳቀ። «ኧረ እትዬ፣ አይጥን ደግሞ ማን በዓይኑ ይበላል?»

እሱ እየሳቀ ሄደ። ፈንታነሽ ግን ባለችበት ክው ብላ ቀረች። እውነት አይጥን ማን ይመኛታል? «ሲያምርባት!» ብሎ የሚቀና ማን ነው? የጤፍ በሎቹን ቅል አየችው። ዱቄቱ ከራሷ ዕቃ የተዛቀ፣ በራሷ ወንፊት የተነፋ፣ ለልጇ አጥሚት የምትበጠብጠው ነው። ዞር ብላ በሩን አየች። ሰብለ ወንጌል ደፉ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ የሳሳ፣ ሆዷ የተነፋ።

«ወይኔ! ወይኔ ልጄን!»

 ቡዳው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቀች፤ አጥሚቱን የምትበጠብጠው ራሷ ናት። ለአይጦቹ የተቀዳውን ወተት አነሣች። ጊዮርጊስ በፈረሱ ከደጅ የቆመባት መስሏታል። «ቅጣቱ በእኔ! በእኔ ብቻ ይሁን!» እያለች ለልጇ አቀረበችላት። ልጅቷ ዋንጫውን በሁለት እጇ ጨምድዳ አልለቅም አለች።

ባዶውን ዋንጫ እንደያዘች ወደ ነፍስ አባቷ ወደ አባ ገብረ ኪዳን ሮጠች። እግራቸው ላይ ወድቃ ነገሩን ሁሉ፣ የአይጡንም ሳይቀር ነገረቻቸው። 

«ስለቱን የተሳለው ማን ነው?» አሉ አባ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«የጦመውስ?»

ፈንታነሽ ባዶውን ዋንጫ እግራቸው ሥር አኖረች።

«በይ ተነሺ» አሏት። «የተሳልሽውን ራስሽ ጡሚው። ልጅቷን አብያት።»

ሰብለ ወንጌል ዳነች፤ አድጋም ተዳረች። ፈንታነሽ ግን በሠርጉ ቀን እንኳ ወተትም እንቁላልም አልቀመሰችም። «ልጅሽ ከዳነች ስንት ዘመኗ! አሁንስ አይበቃሽም?» ብላ ይርጋነሽ ብትቆጣት፣

«እሷ የጦመችልኝን ገና መልሼ አልጨረስኩም» አለቻት።