እትዬ ዘነበች ስልክ የቀየሩ ዕለት

ስልክ ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ማኔጀሩ ብራያን አንድ ሸሚዝ፣ ስሜ ያለበት ባጅና የሲም መርፌ ሰጠኝ። መርፌው የሲም ማስቀመጫውን ገፍቶ የሚያወጣ ቀጭን ሽቦ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ጣቴን ወጋሁበት።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንደኛው ጥያቄ ነው። ሰው ለምንም ጉዳይ ይምጣ፣ በስልኩ ደስተኛ መሆኑን ትጠይቂዋለሽ። ወድጄዋለሁ ካለ ስለ ባትሪው፣ ስለ ካሜራው ትቀጥያለሽ። "ደስተኛ ደንበኛ የለም፤ ገና ያልተጠየቀ ደንበኛ ነው ያለው" ይል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ አዲሱ ስልክ ተዘጋጅቶ ሲያልቅ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ ደንበኛው እጅ ላይ ይደረጋል። የመጀመሪያው መልእክት እጁ ላይ ሆኖ ይግባ። ሰው አዲስ ስልኩን የሚወደው ያኔ ነው።

እውነቱን ነበር። ከሻጭነት ወደ ፈረቃ መሪነት፣ ከዚያም ወደ ምክትል ማኔጀርነት ያደረሰችኝ ያቺ ጥያቄ ናት።

ሾርት ኖርዝ የሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት የሚሠራ አንድ አበሻ ልጅ በየዓመቱ ይቀይር ነበር። በገዛ በሳምንቱ ብቅ ይልና "ሰብልዬ፣ ያው ነው እኮ" ይለኛል። ያው መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። ዓመቱ ሲደርስ ግን አሮጌውን ስልክ ዘመድ ይዞት አገር ቤት ይገባል፣ እሱም ፊቴ ይቆማል። አንዳንዴ ያሳዝነኛል፣ አንዳንዴ ያስቀኛል። መሸጤን ግን አልተውኩም።

ያቃተኝ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እትዬ ዘነበች። ከሱቃችን ብዙም ሳይርቁ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር፣ ከልጃቸው ከናቲ ጋር ይኖራሉ። ቤተ ክርስቲያናችንም እድራችንም አንድ ነው። ጥጉ የተሰነጠቀና በፕላስተር የታሰረ ስልክ ስድስት ዓመት ይዘዋል። በበሩ ሲያልፉ ሰላም ሊሉኝ ይገባሉ፤ እኔም ጥያቄዬን እጠይቃለሁ።

"ምን ጎደለው ልጄ? ይጮሃል፣ አነሳዋለሁ፣ ጌታቸው ይሆናል። ሌላ ምን ያድርግልኝ?"

ጌታቸው ደሴ ያለው ታናሽ ወንድማቸው ነው። እሳቸው ናቸው ያሳደጉት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይደውልላቸዋል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ በረዶ እየጣለ፣ ብቻቸውን መጡ።

"ሰብለ፣ ስልኬ ከማክሰኞ ጀምሮ አይሠራም። ናቲ ‘ብሮክ አድርጓል፣ ተበላሽቷል፣ ዊኬንድ አዲስ እገዛልሻለሁ’ አለኝ። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም። ጌታቸው እሁድ አልደወለልኝም፤ ልቤ ተሸበረ።"

በመርፌዬ ከፈትኩት። ሲሙ የለም። ዋይፋዩም ጠፍቷል። ስልኩ ራሱ አንዳች አልሆነም። ሲም ብቻውን ከስልክ እንደማይወጣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እኔ ግን ናቲ ሊሞክር አውጥቶ የጣለው መሰለኝና ሳልጠይቅ አለፍኩት። ይልቅ ደስ አለኝ። በስድስት ዓመቴ አሸነፍኳቸው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል።

አዲስ ስልክ ሸጥኩላቸው፤ መስመሩ በስማቸው ስለሆነም በዚያው ቁጥር አዲስ ሲም አወጣሁ። ውስጡ ያለው ሁሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ እስኪዛወር ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ዓይናቸው እንዳይቸገር ፊደሉን ሁሉ ትልልቅ አደረግሁላቸው። ከዚያ አነሳሁና እጃቸው ላይ አደረግሁት።

"አሁን የቀረብዎት መልእክት ሁሉ ይገባል፣ እትዬ" አልኳቸው።

ገባ። ተከታተለ። ነፍሱን ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ። የጌታቸው ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ ሻማ። ዱባይ ያለችው የእህታቸው ልጅ ድምፅ ልካለች፤ ነኩት፤ ሱቁ በለቅሶ ተሞላ።

"ሰብለ፣ ማንን ነው የምትለው?"

ስልኩን ከእጃቸው ልወስድ እጄን ዘረጋሁ። ያኔ ገባቸው። ደረታቸውን አንዴ፣ ሁለቴ መቱና ዙሪያውን አዩ፤ የስልክ መሸፈኛ የተሰቀለበትን ግድግዳ፣ ወረፋ የያዙትን ሰዎች።

"እዚህ? ቆሜ? አንድ የሚይዘኝ ሰው ሳይኖር?"

ያዝኳቸው። አብረን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ብራያን ሮጦ መጣና "ናይን ዋን ዋን ልደውል፣ አምቡላንስ ይምጣ?" አለኝ። "አይ፣ ወንድማቸው ሞቶ ነው" አልኩት። በሩን ዘግቶ ሰዉን በትሕትና አስወጣ። ስለዚህ ሁሌም አመሰግነዋለሁ።

በሥራ ሰዓት ስልካችን ሎከር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስልክ ስነካ ስለምውል ማታ ቤት ስገባ የራሴን ማየት ያስጠላኛል። ለናቲ ልደውል ሳወጣው የእድሩ መልእክት ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ተቀምጧል። የእትዬ ዘነበች ወንድም አርፏል፤ ቅዳሜ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ቤታቸው ሄደው መርዶ ይነግራሉ፤ እስከዚያ እንዳይሰሙ ሁላችሁም ተጠንቀቁ ይላል።

ናቲ ከሥራው በርሮ መጣ። እናቱን ወለል ላይ ሲያይ ኪሱ ገባና ከዋሌቱ ትንሿን ሲም አውጥቶ አሳየኝ።

"እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ እትዬ ሰብለ። ጋሽ ወርቁ ኮል አድርጎ ስልኳን ደብቅ አለኝ። አይ ዲድ ኤቭሪቲንግ ራይት፤ ያለኝን ሁሉ ልክ አድርጌ ነበር።"

ጋሽ ወርቁ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። ናቲ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወደዚህ አገር የመጣ፣ አማርኛው የተሰባበረ ልጅ ነው። ወጉን እሱ ጠበቀ፣ እኔ አፈረስኩት። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ለቅሶ ቤት ሦስቱንም ቀን ዋልኩ። ዕቃ አጠብኩ፣ ወንበር አነሳሁ። ማንም አልወቀሰኝም፤ እሱ ይብስ ነበር።

ከአርባው በኋላ እትዬ ዘነበች ጥቁር እንደለበሱ ሱቅ መጡ። እንደ ልማዴ ልጠይቅ አልደፈርኩም።

"ስልኩ ጥሩ ነው" አሉኝ ራሳቸው። "ብቻ ሲጮህ ልቤ ይወርዳል። ድምፁን አጥፊልኝ።"

አጠፋሁላቸው። መልእክቶቹን ሲያሳዩኝ ከገዙበት ዕለት ጀምሮ ያልተመለሰ አንድ አለ። ድርጅቱ ለገዛ ሰው ሁሉ የሚልከው ነው፤ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረኩ፣ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ይስጡ ይላል።

"ይተዉት፣ እትዬ፣ ምንም አይደል" አልኩ።

"ላንቺ ይጠቅምሻል?"

መዋሸት አልቻልኩም። "አዎ" አልኳቸው።

"እንግዲያው አሥር በይላቸው።"

ራሴ ጻፍኩት። ብራያን በሳምንቱ ስብሰባ ላይ አነበበውና ተጨበጨበልኝ።

አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የማሠለጥነው እኔ ነኝ። መርፌውን እሰጣለሁ፣ ጥያቄውንም አስተምራለሁ። የራሴ ብዬ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። በስልኩ ደስተኛ የነበረ ሰው ሲሙ የወጣ ስልክ ይዞ ከመጣ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ቤተሰቡ ጋ ደውሉ። እኔ አልደወልኩም።